ግማሽ ሉክ ወረቀት የምታነሣ ሄሊኮፕተር

ልጄ ስምንት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት ለገና ምን እንድገዛለት እንደሚፈልግ ጠየቅሁት። አላመነታም፤ «በሪሞት የምትበር ሄሊኮፕተር» አለኝ። የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ለልጅ መጫወቻ መግዛት ሱቅ ገብቶ፣ ዋጋ ተከራክሮ፣ ዕቃውን በፌስታል ይዞ መውጣት ብቻ ይመስለኝ ስለ ነበር፣ ይህች ትንሽ ነገር አንድ ዓመት ገደማ እንደምታስጠናኝ፣ የተወለድሁበትን አገር አየርም እንደ አዲስ እንደምታሳየኝ አልገመትሁም። ይህን የምጽፈው ሌላ ወላጅ እኔ በሄድሁበት መንገድ ሁሉ እንዳይደክም ነው፤ በተለይ በደጋ የሚኖርና ልጁ በሳጥን ላይ ያለ ሥዕል አይቶ ልቡ የተሰቀለበት ወላጅ።

የመጀመሪያዋን የገዛኋት እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። በሳጥኑ ላይ በረዶ የለበሰ ተራራ አናት ላይ የምትበር ቀይ ሄሊኮፕተር ተሥላለች፤ ውስጥ ያለችው ግን ርዝመቷ ከአንድ ስንዝር እምብዛም የማይበልጥ፣ ከላይ ሁለት ተደራራቢ ክንፎች፣ በጭራዋ ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ ክንፍ ያላት ነበረች። ባለሱቁ መብራቷን አበራልኝ፤ በእጁ እንደ ያዛትም ክንፎቿን አሽከረከረልኝ። ስትነሣ አላሳየኝም፤ እኔም አሳየኝ አላልሁም።

የገና ዕለት ጠዋት ባትሪዋን ሞልተን ሳሎን ወለል ላይ አስቀመጥናት። ልጁ የሪሞቱን የግራ እጀታ ወደ ላይ ሲገፋው ክንፎቿ በኃይል ጮኹ፤ ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ተነሣችና መብረር እንዳማራት ዶሮ ወዲያና ወዲህ ተንሸራታ ከሶፋው እግር ጋር ተጋጨች። ደግመን ሞከርን። እጀታው እስከ መጨረሻው ተገፍቶ ሳለ ከጉልበቴ በላይ መውጣት አልቻለችም። ባትሪዋን አራት ጊዜ እየሞላን እስከ ምሽት ድረስ ከታገልን በኋላ ልጄ ሪሞቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «አባባ፣ እኔ ነኝ መሰለኝ ያልቻልሁበት» አለኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም። አዋቂ ሰው ዕቃ ሲያስቸግረው ዕቃውን ወይም ሻጩን ይወቅሳል፤ ልጅ ግን መጀመሪያ የሚጠረጥረው ራሱን ነው። ስለዚህ የማትበር ሄሊኮፕተር ለልጅ መግዛት ገንዘብ ከማባከን የከፋ ጉዳት አለው ብዬ አምናለሁ፤ ልጁ ያላጠፋውን ጥፋት ተሸክሞ ይቀራል።

እውነቱ የተገለጠልኝ በዚያው ዓመት ለፋሲካ እኅቴ ቤት ሸዋ ሮቢት በወረድን ጊዜ ነው። መንገዱ ሰላም የሆነበት ወቅት ስለ ነበር ቤተሰቡ ሁሉ ተያይዞ ተጓዘ። ልጄ ሄሊኮፕተሯን ትቶ መሄድ አልሆነለትም፤ ባትበርም የእሱ ናት። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ የጣርማበርን ዋሻ አልፎ በደብረ ሲና በኩል ወደ ቆላው የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ በየመጠምዘዣው ጆሮ ሲደፈን፣ መጀመሪያ ጋቢው ከትከሻ ሲወርድ፣ ቀጥሎ ሹራቡ ሲወልቅ፣ በመጨረሻም የመኪናው መስኮት ሲከፈት ያስታውሳል። መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ጉዞ ውስጥ ከ2,840 ሜትር ተነሥተን፣ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥተን፣ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ እናርፋለን። ልጄ ጠዋት ውኃውን ጠጥቶ ጨርሶ ክዳኑን ያጠበቀበት የሃይላንድ ጠርሙስ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሆዱ ገብቶ፣ ጎኑ ተጨማድዶ ተገኘ። «ማን ረገጠው?» ብሎ ተቆጣ። ማንም አልረገጠውም፤ ከውጭ የጨመቀው የቆላው አየር ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ሙቀቱ ሳይበረታ ልጁ ሄሊኮፕተሯን በእኅቴ ሳሎን ወለል ላይ አስቀመጣት። እጀታውን እንደ ልማዱ እስከ መጨረሻው ገፋው። ሄሊኮፕተሯ ጉልበቱን አለፈች፣ ደረቱን አለፈች፣ ከዚያ ኮርኒሱን መትታ ወደቀች። «አባባ! አባባ!» እያለ ሲጮኽ የተኙት ሁሉ ተነሡ። ሄሊኮፕተሯ ያችው ናት፤ ባትሪው ያው ነው፤ እጁም ያው እጅ ነው። የተለወጠው አየሩ ብቻ ነው። እኔ የምወደው የእሱን ደስታ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ ጩኸት በኋላ ረጋ ብሎ «እንግዲያው እኔ አልነበርሁም» ማለቱን ነው።

ሄሊኮፕተር የምትነሣው ክንፎቿ አየርን ወደ ታች ስለሚገፉ ነው። ወደ ታች የሚገፋው አየር በበዛና በፈጠነ መጠን እሷ ወደ ላይ ትገፋለች፤ አየሩ ስስ ከሆነ ግን ክንፉ በአንድ ዙር የሚያገኘው የሚገፋ ነገር ያንሳል። በደብረ ብርሃን ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ከአራት እጅ አንድ እጅ ያህል ይጎድላል፤ በሸዋ ሮቢት ጉድለቱ የዚያ ግማሽ ገደማ ነው። ያንኑ ክብደት ለማንሣት ክንፉ በእኛ ከተማ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚሽከረከረው 15 በመቶ ያህል ፈጥኖ መሽከርከር፣ ሞተሩም በዚያው ልክ ተጨማሪ ጉልበት ማውጣት ይኖርበታል። ስስ አየር ክንፉን የሚጎትተው በትንሹ ስለሆነ ሞተሩ በራሱ ጥቂት ይፈጥናል፤ ይህ ጥቂት ግን መጀመሪያውኑ ያለ የሌለ ጉልበቷን አሟጥጣ እንድትነሣ ተደርጋ ለተሠራች መጫወቻ አይበቃትም። ከእነዚህ መጫወቻዎች ብዙዎቹ የሚመረቱት በቻይና ጓንግዶንግ ግዛት፣ ባሕር ዳር በምትገኘው በሻንቱ ከተማ አካባቢ ነው። እዚያ በወፍራም አየር በደንብ የምትነሣ ሄሊኮፕተር እኛ ዘንድ ስትደርስ ምን እንደምትሆን ሳጥኑ አይናገርም፤ የተሣለበትን በረዷማ ተራራ የሚያምን ሰው ደግሞ እንደ እኔ ይሸወዳል።

ታዲያ ጭራሽ ካልቻለች አንድ ስንዝሩን በምን ኃይል ተነሣች? ይህም ምክንያት አለው። ክንፎቹ ለወለል በጣም ቅርብ ሲሆኑ፣ ማለትም ከክንፎቹ ጫፍ እስከ ጫፍ ባለው ርዝመት ውስጥ፣ ወደ ታች የተገፋው አየር ወለሉ እየከለከለው እንደ ልብ መውረድ ስለማይችል በትንሽ ጉልበት መንሳፈፍ ይቻላል። ትልልቆቹን ሄሊኮፕተሮች የሚያበርሩ ሰዎችም ይህን ያውቁታል፤ በከፍተኛ ተራራ ላይ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ መንሳፈፍ የቻለ ሄሊኮፕተር ከዚያ በላይ ሊያቅተው ይችላል። የእኛይቱ የምትኖረው በዚያች አንድ ስንዝር ውስጥ ነበር። ይህን ካወቅሁ በኋላ ለመግዣ ያወጣሁት የመጀመሪያ ሕግ ይህ ነው፤ ሄሊኮፕተር የምትመዘነው ከወለል በመነሣቷ ሳይሆን በዓይን ትክክል ቆማ በመቆየቷ ነው።

ከሸዋ ሮቢት ስንመለስ ልጄ ሌላ ጥያቄ ይዞ መጣ፤ «አየሩ ከዚህም የባሰ ስስ የሆነበት ቦታ ሄሊኮፕተር ይበራል?» የሚል። ይበራል። እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ ፈረንሳዊ አብራሪ ሄሊኮፕተሩን 8,848 ሜትር ከፍታ ባለው በኤቨረስት ተራራ ጫፍ ላይ አሳርፏል። ይበልጥ ያስደነቀው ግን ናሳ ወደ ማርስ የላካት ትንሽ ሄሊኮፕተር፣ ኢንጄኒዩቲ ናት። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 19 ቀን 2021 ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሣች፤ የማርስ አየር እፍጋት የምድራችንን አንድ በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ 72 ጊዜ በርራለች። ክብደቷ 1.8 ኪሎ ግራም ብቻ ሲሆን ክንፎቿ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.2 ሜትር ይረዝማሉ፤ በደቂቃም 2,400 ጊዜ ያህል ይሽከረከራሉ። ሥዕሏን ሳሳየው ልጄ ጣቱን ክንፎቿ ላይ አድርጎ «እንደ እኛይቱ ተደራርበዋል» አለ። እውነቱን ነው፤ ሁለቱም ሁለት ተደራራቢ ክንፎች አሏቸው፤ አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ ይዞራል።

ከዚህ ወሬ ለገበያ የሚሆን ነገር አግኝቼበታለሁ። በስስ አየር የሚበር ነገር አካሉ ቀላል፣ ክንፉ ረጅምና ሰፊ መሆን አለበት። ስለዚህ ሁለት ሄሊኮፕተሮች ጎን ለጎን ሲቀርቡልኝ የብረት አካሏ የሚያብረቀርቀውን ትቼ ወደ ክንፎቿ ማየት ጀመርሁ። የብረት አካል ልጅ ሲጥላት ይጠብቃታል የሚሉ አሉ፤ ይህ ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን በ2,840 ሜትር ላይ እያንዳንዱ ግራም ዋጋ አለው፤ ልትነሣ የማትችል ጠንካራ ዕቃ ከመሆን ተነሥታ ወድቃ ክንፏ የሚቀየርላት ብትሆን እመርጣለሁ። ትልቋም ሁልጊዜ ትሻላለች ማለት አይደለም። በኋላ አውሮፕላን የሠሩት የራይት ወንድማማቾች ልጆች ሳሉ፣ አባታቸው እ.ኤ.አ. በ1878 ከቡሽ፣ ከቀርከሃና ከወረቀት የተሠራች፣ በጎማ ክር ጉልበት የምትነሣ መጫወቻ ሄሊኮፕተር ለልጆቹ ይዞላቸው ገብቶ ነበር። ልጆቹ እሷ ከተሰበረች በኋላ ራሳቸው እየሠሩ ማብረር ቻሉ፤ ይሁን እንጂ ተለቅ አድርገው የሠሯቸው እንደ ትንሿ አልበርሩ አሏቸው። ምክንያቱን የተረዱት ቆይተው ነው፤ መጠኗ እጥፍ የሆነች መጫወቻ ስምንት እጥፍ ጉልበት ትፈልጋለች። ስለዚህ ትልቅ ሄሊኮፕተር የሚገዛ ሰው ትልቅነቷን ሳይሆን ሞተሯና ባትሪዋ ከትልቅነቷ ጋር አብረው ማደጋቸውን ይጠይቅ።

ስለ ተደራራቢ ክንፎች ጥቂት ልጨምር፤ ለልጅ ለሚገዛ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ምርጫ ይህ ነውና። አንድ ክንፍ ብቻ ወደ ቀኝ ሲዞር የሄሊኮፕተሯ አካል በተቃራኒው ወደ ግራ መዞር ይፈልጋል። የሄሊኮፕተር መሐንዲሱ ኢጎር ሲኮርስኪ እ.ኤ.አ. በ1939 ባበረረው ሄሊኮፕተር ላይም ሆነ ዛሬ ከሰማያችን በምናያቸው ብዙዎቹ ላይ ይህን መዞር የሚከላከለው ጭራ ላይ በጎን የቆመው ትንሽ ክንፍ ነው። መጫወቻዎችም በዚሁ መልክ ይሠራሉ፤ ሲበርሩ ያምራሉ፤ ለጀማሪ ልጅ እጅ ግን አይሆኑም፤ ትንሽ ሲነኳቸው ወደ ጎን ተወርውረው ይጠፋሉ። ሁለት ተደራራቢ ክንፎች ያሏት ግን የአንዱን መዞር ሌላው ስለሚያጠፋው በራሷ ትረጋለች፤ እጁን ከሪሞቱ ላይ በድንጋጤ ላነሣ ልጅ ይቅር የምትል እሷ ናት። ጭራዋ ላይ ያለችው ትንሽ ክንፍ በጎን የቆመች ሳትሆን የተኛች ናት፤ ሥራዋ ጭራውን ከፍና ዝቅ እያደረገች ሄሊኮፕተሯን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማስኬድ ነው። ጋይሮ የሚሉት ትንሽ መሣሪያ ካላት ደግሞ ያለ ፈቃድ መሽከርከሯን እየተከታተለ የሁለቱን ክንፎች ፍጥነት ያስተካክላል። ጋይሮ የሌላትን ለልጅ አልገዛም።

ሌላው የእኛ አገር ፈተና ፀሐይ ነው። ርካሽ የሆኑት ሪሞቶች ከሄሊኮፕተሯ ጋር የሚነጋገሩት በኢንፍራሬድ፣ ማለትም እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት በማይታይ ብርሃን ነው። የፀሐይ ብርሃንም ያን የማይታይ ብርሃን በብዛት ስለያዘ ሄሊኮፕተሯ ፀሐይ በገባበት ስትደርስ የሪሞቱን ትእዛዝ መለየት ይሳናታል። የመጀመሪያዋ ሄሊኮፕተራችን ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ፀሐይ በመስኮት በሚገባበት ቦታ ስታልፍ ድንገት ክንፎቿ ቀጥ እያሉ ትወድቅ ነበር፤ ልጄ ያን ቦታ «ጉድጓዱ» ብሎ ሰየመው። በሬዲዮ ሞገድ የምትሠራው፣ በሳጥኗ ላይ 2.4 ጊጋኸርዝ የሚል የተጻፈባት፣ ከዚህ ችግር ነፃ ናት። ዋጋዋ ይበልጣል፤ ግን ልዩነቱ የሚያስቆጭ አይደለም።

ይህን ሁሉ ይዤ ነው ለሥራ አዲስ አበባ በሄድሁ ጊዜ መርካቶ የገባሁት። መርካቶ ከእኛ ከተማ በከፍታ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል እዚያ በደንብ የበረረች እኛ ዘንድ ልትለግም እንደምትችል አውቃለሁ፤ ስለዚህ የምፈልገው እዚያ የምትበር ብቻ ሳይሆን እዚያ ጉልበት የሚተርፋት ነበር። በቦርሳዬ ውስጥ አንድ ሉክ የማተሚያ ወረቀትና ፕላስተር ይዤ ነበር። በየቢሮው የምናውቀው ኤ4 ወረቀት 80 ግራም የሚባለው አንድ ካሬ ሜትሩ 80 ግራም ስለሚመዝን ነው፤ ካሬ ሜትሩ 16 ሉክ ስለሚወጣው አንዱ ሉክ ልክ 5 ግራም፣ ግማሹ 2 ግራም ተኩል ይሆናል። የምፈልጋት ዓይነት ሄሊኮፕተር 45 ግራም ገደማ ብትመዝን ግማሽ ሉክ ወረቀት ተሸክማ በዓይኔ ትክክል መቆም ከቻለች፣ ወረቀቱ ሲነሣላት ደብረ ብርሃንን ትችላለች ብዬ አሰላሁ።

ሁለት ሱቆች ሳጥን ከፍተው ማብረር አይፈቀድም አሉኝ፤ አመስግኜ ወጣሁ። በሦስተኛው ሱቅ ያገኘሁት ወጣት ወረቀቱንና ፕላስተሩን ሳወጣ ግራ ገባው። «ጋሼ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?» አለኝ። ነገሩን ስነግረው ፊቱ በራ፤ «እስቲ እኔም ልየው» ብሎ ባትሪ የሞላባትን አንዷን ከመደርደሪያ አወረደ። የመጀመሪያዋ ከነወረቀቱ ወገቤ ድረስ ወጥታ እየተንቀጠቀጠች ወረደች። ሁለተኛዋ፣ ሰማያዊ ቀለም ያላት፣ ክንፎቿ ሰፋ ያሉ፣ ዓይኔ ትክክል መጥታ ቆመች፤ እኔ እስከ ሠላሳ ስቆጥር አልወረደችም፤ የወጣቱም እጅ እጀታውን እስከ መጨረሻው አልገፋውም። ዋጋዋ የቀይዋ እጥፍ ነበር። ሳልከራከር ከፈልሁ፤ መለዋወጫ ክንፎችና ተጨማሪ ባትሪም ጨመርሁ። ባትሪዋ ተነቅሎ የሚቀየር መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ አካሏ ውስጥ ተበይዶ የሚቀር ባትሪ ሲደክም ሄሊኮፕተሯ አብራ ትሞታለች።

ያው ወጣት አራት ክንፍ ያላትን ድሮን እንድወስድ መክሮኝ ነበር። ምክሩ ከክፋት አልነበረም፤ ባለ አራት ክንፏ በእርግጥ ይበልጥ ትረጋለች፣ ብዙዎቹም ካሜራ አላቸው። እኔ ግን አልፈለግሁም። አንደኛ፣ በአገራችን ድሮን ማስገባትና ማብረር ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው፤ ካሜራ ያለው ነገር በሰው ግቢ ላይ ማንሣትም ነውር ነው። ሁለተኛውና የሚከብደኝ ምክንያት ግን ሌላ ነው። ሸዋ ሮቢት ሳለን ሄሊኮፕተሯ ኮርኒሱን ስትመታ ድምፁን ሰምታ የወጣች እናቴ፣ መጫወቻዋን በእጇ ይዛ ለረጅም ጊዜ ስታያት ቆይታ፣ በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ በግሼ በኩል እህል ከአውሮፕላን ሲወረወር ያየችውን ለልጄ ነገረችው። ለእሷ ከሰማይ የሚሰማ ድምፅ ዳቦ ነው። ባለፉት ዓመታት በየአካባቢያችን ጦርነት ያዩ፣ ከቀያቸው ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን የተጠለሉ ልጆች ግን ያንኑ ድምፅ ሲሰሙ ወዴት እንደሚሮጡ አይቻለሁ። ከልጄ ጋር በአንድ ክፍል የሚማሩ አሉ። ስለዚህ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ቀለሟ የወታደር ያልሆነ፣ መጫወቻነቷ ከሩቅ የሚታወቅ እንድትሆን ፈለግሁ፤ ከቤት ውጭ እንዳያበርራትም ለልጄ ምክንያቱን ሳልደብቅ ነገርሁት። ገባው። ጓደኛውን ወደ ቤት ሲጠራው አስቀድሞ ሄሊኮፕተሯን በእጁ አስይዞት፣ ሪሞቱንም ለጓደኛው ሰጥቶ የሚያስነሣት ራሱ ጓደኛው እንዲሆን አደረገ። ይህን እኔ አላስተማርሁትም።

ከቤት ውጭ አለማብረር ለእኛ ከተማ ሌላም ጥቅም አለው። የደብረ ብርሃን ነፋስ ቆርቆሮ የሚያንኳኳ ነው፤ 45 ግራም የምትመዝን ነገር በፊቱ ላባ ናት። ቤት ውስጥ ግን ማረፊያ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። እኔ በመጀመሪያ ወለሉ ላይ የመንዝ ባና አነጠፍሁላት፤ ስትወድቅ እንዳትጎዳ ብዬ ነው። ስሕተት ነበር፤ የባናው የሱፍ ክር በክንፎቹ ዘንግ ላይ ተጠምጥሞ ሞተሩን አነቀው፤ በመርፌና በምላጭ ስንፈታው አመሸን። አሁን የምናነጥፈው ስስ የስፖንጅ ፍራሽ ነው። በዚሁ ምክንያት አጠገቧ ያለ ሰው ረጅም ፀጉሩ ሳይታሰር ሄሊኮፕተሯ አትነሣም፤ ቡና ሲፈላና ከሰሉ ሲቀጣጠልም አትነሣም።

ባትሪውን በተመለከተ ብርዱን ማሰብ ይገባል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ባደረበት ክፍል ውስጥ የቆየ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ሳለ ጉልበቱ ይወርዳል፤ የገና ጠዋት ላይ ከቀይዋ ጋር ስንታገል አንዱ ጠላታችን ይህ እንደ ነበር አሁን ይገባኛል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከመብረሯ በፊት ባትሪውን አሥር ደቂቃ ያህል በደረት ኪስ ይዞ ማሞቅ። ወደ ከሰል ማስጠጋት ግን አደጋ ነው፤ እነዚህ ሊቲየም ባትሪዎች ሲግሉ ወይም ሲያብጡ በእሳት ሊያያዙ ይችላሉ። ቻርጅ ሲደረግ አዋቂ አጠገቡ ይሁን፤ ሌሊት ተሰክቶ አይደር፤ ያበጠ ባትሪ ደግሞ «ለዛሬ ብቻ» ሳይባል ይወገድ። ከስድስት ወይም ከሰባት ደቂቃ በረራ በኋላ ጉልበቷ ሲደክም እስክትወድቅ አለመጠበቅ ዕድሜውን ያረዝመዋል።

ማስተማሩ ከመምረጡ ቀለለኝ። ለአንድ ሳምንት የተፈቀደለት መነሣትና መውረድ ብቻ ነበር፤ ቀጥሎ በዓይኑ ትክክል ማቆም፤ ከዚያም ጭራዋን ወደ እሱ አድርጎ ወደ ፊት መሄድ። ፊቷን ወደ እሱ ስታዞር ቀኝ ግራ፣ ግራ ቀኝ እንደሚሆን ሲያውቅ ተናደደ፤ እኔም ለሦስት ቀን ያህል አልገባኝም ነበርና አብረን ተናደድን። አሁን ከእኔ ይበልጣል። ሲሳሳትና ስትወድቅ የሚለውን ግን በጥንቃቄ እሰማለሁ። አንዳንዴ «ባትሪው ቀዝቅዟል» ይላል፤ አንዳንዴ «አጉል ገፋሁት» ይላል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለይቶ መናገር ችሏል፤ ሁለቱንም ሲል ድምፁ አንድ ዓይነት ነው።

ባለፈው እሑድ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ ወረቀት ሲቆርጥ አገኘሁት። ግማሽ፣ ሩብ፣ የሩብ ግማሽ እያደረገ ቆርጦ በየቁራጩ ላይ ግራሙን ጽፏል። ሰማያዊዋ እዚህ ቤት ውስጥ ሩቡን ይዛ ዓይኑ ትክክል ትቆማለች፤ ግማሹ ሲጨመርባት ወገቡ ላይ ትቀራለች። ይህን በደብተሩ ላይ «ደብረ ብርሃን» ከሚለው ሥር አስፍሮታል። ከጎኑ «ሸዋ ሮቢት» የሚል ባዶ ቦታ ትቷል፤ ከሁለቱ በላይ ደግሞ «ጣርማበር» ብሎ ጽፎ አስምሮበታል። ለፋሲካ ስንወርድ ዋሻው ጋ ስንደርስ ሾፌሩን ለአምስት ደቂቃ እንዳስቆምለት ጠይቆኛል። ነፋሱን መኪናው ውስጥ ሆነን እንከላከለዋለን፤ ባትሪውን በኪሴ የምይዘው እኔ ነኝ።